የጉበት ዕጢና የስሜን መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1970 ፓቭሊካና ሳሙኤል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአንድ የእንግሊዝ የካንሰር መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ የጉበት ካንሰር ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ የቆመው በ38 ሰዎች ላይ ነው። የሁሉም በሽታ የተረጋገጠው ከሞቱ በኋላ፣ አስከሬናቸው ተከፍቶ ሲመረመር ነበር። ስለዚህ በሽታ በአገራችን ከተጻፉት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የሬሳ ምርመራ መዝገብ መሆኑ ብዙ ይናገራል። ሐኪሙ ዕጢውን በዓይኑ ያየው ለሕመምተኛው ምንም ሊያደርግለት በማይችልበት ሰዓት ነው።

በዚህ ቅኝት የማነሣው ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከስሜን ተራሮች ግርጌ ባለ ቀበሌ የሚኖር ሰው ጉበቱ ላይ ዕጢ ቢወጣበት፣ በሕይወት ሳለ ተገኝቶ፣ ዕጢው ተቆርጦ ወጥቶለት ወደ ቤቱ እንዲመለስ ምን ምን መሟላት አለበት? ነገሩን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ባየሁት ቁጥር የምደርሰው እዚያው ነው፤ የቀዶ ሐኪሙ እጅ የመጨረሻው አንጓ ነው። የሕመምተኛው ዕጣ በአብዛኛው የሚቆረጠው ከዚያ በፊት ባሉት አንጓዎች ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጉበት ቀዶ ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን ያስፈራ ብልት ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል የሚያህል ደም ያልፍበታል። ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ክር አይይዝም፣ ሲሰፋ ይቀደዳል። በ1888 ካርል ላንገንቡኽ በርሊን ውስጥ ከአንዲት ሴት የግራውን የጉበት ክፍል ቆርጦ አወጣ። ታስቦበት የተሠራና የተሳካ የመጀመሪያው የጉበት ቀዶ ሕክምና ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ይሁንና ሴትዮዋ በዚያው ቀን ደም ፈሰሳት፤ ሆዷ እንደገና ተከፍቶ ነው የተረፈችው። በ1908 የግላስጎው ሐኪም ጀምስ ሆጋርት ፕሪንግል ወደ ጉበት የሚገቡትን ዋና የደም ሥሮች ከበራፉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ ደሙን እንደሚያቆም አሳየ። ዛሬም በዓለም ሁሉ የጉበት ቀዶ ሐኪም ይህንኑ ያደርጋል። በ1957 ደግሞ ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ ጉበት እያንዳንዱ የየራሱ የደም ሥር ባላቸው ስምንት ክፍሎች እንደሚከፈል በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ የቱን ክፍል ቆርጦ የቱን እንደሚተው አስቀድሞ መወሰን ቻለ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ረጋ ብዬ ላነሣው የምወደው የሃኖዩን ሰው ነው። ቶን ታት ቱንግ በ1930ዎቹ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሃኖይ የሕክምና ተማሪ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ የሬሳ ጉበቶችን በእጁ እየፈለፈለ፣ የደም ሥሮቻቸውን እየተከተለ በወረቀት ሣላቸው። ኩዊኖ መጽሐፉን ከማውጣቱ ብዙ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1963 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አዲስ የአሠራር ዘዴ አሳተመ። የጉበቱን ሥጋ በጣቶቹ መካከል እየፈረከሰ፣ ሥጋው ሲበተን ሳይበጠሱ የሚቀሩትን ሥሮች አንድ በአንድ እያሰረ፣ ሌላው በሰዓታት የሚጨርሰውን በደቂቃዎች ይጨርስ ነበር። ይህን ሲያደርግ አገሩ ከአንዱ ጦርነት ወጥታ ወደ ሌላው እየገባች ነበር፤ ውድ መሣሪያም አልነበረውም። በእጁ የነበረው የጉበትን ውስጠኛ መልክ ጠንቅቆ ማወቅ ነው። የቬትናምን ሐኪም እዚህ ያነሣሁት «ይህ ሥራ የባለጠጎች ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚለውን አነጋገር ስለማልቀበለው ነው። የቬትናም ሕዝብም እንደ እኛው በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የተጠቃ፣ የጉበት ካንሰር ወጣቶቹን የሚቀጥፍበት ሕዝብ ነበር። ዕውቀቱ የበቀለው መከራው ካለበት ነው።

ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ገዳይ ነበር። ፎስተርና በርማን የተባሉ አሜሪካውያን ከብዙ ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን መዝገብ በ1977 ሲያሳትሙ፣ ሰፊ የጉበት ክፍል ከተቆረጠላቸው ሕሙማን ከአምስቱ አንዱ የሚያህሉት ከቀዶ ሕክምናው አልተረፉም ነበር። ዛሬ ልምድ ባላቸው ማዕከላት ቁጥሩ ከመቶ አምስት በታች ወርዷል። ያወረደውም አንድ ተአምር አይደለም። ጃፓኖች በ1980ዎቹ አልትራሳውንድን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቡና ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት በሥጋው ውስጥ ያለውን ሥር ማየት ጀመረ፤ ማደንዘዣ ሰጪዎች የደም መላሽ ሥሮቹን ግፊት በጥንቃቄ ዝቅ አድርገው መያዝ ተማሩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናውን እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል መለየት ተቻለ።

አሁን ወደ ራሳችን ተራራ። ከትግራይ ወደ ጎንደር የሚመጣው የድሮ የነጋዴ መንገድ ልማልሞን ወጥቶ በደባርቅ በኩል ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የወጣው ይህንኑ ዳገት ነው። ጎንደር ገብቶ በቁስቋም ቤተ መንግሥት በፈንጣጣ የታመሙትን የመኳንንት ልጆች ሲያክም እንደ ሐኪም ታየ፤ ያለው ዕውቀት ግን ከመንገደኛ ዕውቀት ብዙም አይበልጥም ነበር። ጎንደር የተወለደው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ ገና ሕፃን ሳለ ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በ1868 በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወስዶ፣ በላሆርና በስኮትላንድ ሕክምና ተምሮ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ። ጎንደር ሐኪም ወለደች፤ ለማስተማሪያ ቤት ግን ብዙ ጠበቀች።

ያ ቤት የተከፈተው በ1954 ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አስተማረ። አስተሳሰቡ ሰውን ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቅ ሳይሆን በየመንደሩ ወርዶ ማግኘት ነበር። በ1978 ከጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። በ1996 ደግሞ ዳባት ላይ የሕዝብና የጤና ምዝገባ ጣቢያ ተቋቋመ። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወደ ቆላ ወረደ ብለው ይመዘግባሉ፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ይጠይቃሉ። ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከስቶ የሞተ ገበሬ ሆስፒታል ሳይረግጥ ቢቀበርም ሞቱ ከወረቀት ላይ ይሰፍራል። እኔ ይህን ምዝገባ በስሜን ግርጌ ከተሠሩት የጤና ሥራዎች ሁሉ ከትልቆቹ እቆጥረዋለሁ። የቀዶ ሕክምና ውጤት የሚለካው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ብቻ ከሆነ፣ እዚያ ያልደረሱት ሰዎች ከሒሳቡ ይወጣሉ።

በአገራችን የጉበት በሽታን ጥናት ከሬሳ ክፍል አውጥቶ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ያስቀመጠው ሰውም የጎንደር ልጅ ነው። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ፣ የበአታ ማርያሙ የአለቃ ጸጋ ልጅ፣ ካናዳ ተምረው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሕክምና አስተማሩ። በ1977 የ100 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን ክትትል አሳተሙ፤ ቀጥሎም ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የጉበት በሽታና የሄፓታይተስ ቫይረሶችን ዝምድና ሲመረምሩ ኖሩ። ጊዜው ለዚያ የበሰለ ነበር። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ ምልክት በደም ውስጥ በማግኘቱ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በ1981 ደግሞ ታይዋን ውስጥ 22,707 ወንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ ቫይረሱ በደሙ የሚኖር ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። በእኛ አገር የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2016 የታተመ ግምገማ ከመቶ ሰባት ነጥብ አራት የሚሆነው ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ያመለክታል። በዚህ ስሌት በደባርቅ ገበያ ቀን ከሚገናኙ መቶ ሰዎች ሰባቱ ማለት ነው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም።

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ ከልጅ ወደ ልጅም በቁስልና በደም ያልፋል። በደጋው አገር ደም ከደም የሚያገናኝ ልማድ ብዙ ነበር፦ እንጥል ማስቆረጥ፣ የሕፃን ጥርስ ማስነቀል፣ ግርዛት፣ የድድና የአንገት ንቅሳት፣ ዋግምት። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ሲሆን መዘዙ ወዲያው አይታይም። ልጁ ያድጋል፣ ያርሳል፣ ያገባል፤ ቫይረሱ ግን ሠላሳ አርባ ዓመት ጉበቱን ቀስ በቀስ ያቆስላል፣ ጠባሳ ያደርገዋል። ካንሰሩ የሚነሣው ከዚያ ነው። በዚህ ላይ አረቄ ሲጨመር፣ በእርጥበት የሻገተ እህል የሚያፈራው አፍላቶክሲን ሲጨመር፣ ጉዳቱ ይባባሳል። የዳባትና የወገራ ገብስ የሚመረተው በብርድ አገር ስለሆነ ሻጋታው ያን ያህል አያሰጋውም። ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ማሽላና በቆሎ በሙቀትና በእርጥበት ሲከማች ነው ሥጋቱ የሚበረታው።

ሕመሙ ሲጀምር ምልክቱ ተራ ነው። በቀኝ ጎን የሚከብድ ነገር፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም። ሰውየው ጨጓራ ነው ይላል፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይውጣል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ይባልና ሥር የሚበጥስ ባለመድኃኒት ይፈለጋል። ፀበል ይሄዳል። ፀበልን ከሕክምና ጋር ማጋጨት አልፈልግም፤ ብዙ ሕመምተኛ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል፣ መሄድም ይችላል። የሚጎዳው በየደረጃው የሚባክነው ወር ነው፤ አንዳንዱ የሥር መድኃኒት ደግሞ ራሱ ጉበትን ይመርዛል። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ቤተሰቡ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ ሲያወርደው ዕጢው ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ሸንተረር ደባርቅ መድረስ ራሱ ጉዞ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳባት 75 ያህል ይሆናል። ከዚያ ሪፈር ተጽፎ አዲስ አበባ ከተባለ ሌላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

ሁሉም የጉበት እብጠት ግን ካንሰር አይደለም፤ ይህን የደጋ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። በግና ውሻ አብረው በሚያድጉበት አገር የውሻ ትል የሚያመጣው ውሃ ያዘለ ከረጢት ጉበት ላይ ይበቅላል። በዓል ሲሆን በግ ይታረዳል፣ የታመመው ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል፣ ውሻው ትሉን ከሆዱ ያሳድጋል፣ እንቁላሉ በእዳሪው በኩል ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል። ከረጢቱ እንደ ካንሰር ሥጋ አይበላም፤ ዓመታት እየፈጀ ያድጋል። ቀዶ ሐኪሙ አካባቢውን በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ከቦ፣ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ያወጣዋል፤ ቢፈስ ትሉ ሊዘራ፣ ሕመምተኛውም በድንገተኛ አለርጂ ሊሞት ይችላል። አልቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት በፊትም በኋላም ይሰጣል። በሥርዓቱ ከተሠራ አብዛኛው ሰው ይድናል። የአሜባ መግል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ ቢላ በመድኃኒትና በመርፌ ቀድቶ በማውጣት ይሽራል። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በካላዛር የተያዙ የደጋ ወጣቶችም ጣፊያቸውና ጉበታቸው አብጦ ይመለሳሉ፤ ለእነሱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የራሱ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። «ጉበቱ አብጧል፣ አይድንም» ተብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሊድን የሚችል ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው አንድ አልትራሳውንድና መሣሪያውን ማንበብ የሚችል ባለሙያ ነው።

ካንሰር ሲሆን ጥያቄው ይጠብባል። ጤነኛ ጉበት ከመቶ ሰባው የሚያህል ቢቆረጥለት እንኳ በሳምንታት ውስጥ ቀሪው ያድጋል። በጠባሳ የተያዘ ጉበት ግን ይህን ኃይሉን አጥቷል፤ ሐኪሙ ግማሽ ያህሉን ካልተወለት ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጉበት መድከም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚያየው ዕጢውን ሳይሆን የሚቀረውን ጉበት ነው፦ ዓይኑ ቢጫ ነው? ሆዱ ውሃ አለው? ደሙ ቶሎ ይረጋል? በጊዜ ተገኝቶ፣ ጉበቱ ብዙ ሳይደክም ዕጢው ከተቆረጠለት ሕመምተኛ መካከል ከግማሽ በላይ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ሆኖም በአምስት ዓመት ውስጥ ከአሥሩ በሰባቱ ካንሰሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ጠባሳውም ቫይረሱም እዚያው አሉና። ለዚህ ነው ጉበትን ሙሉ በሙሉ መተካት የተሻለ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው። የሚላኑ ቪንቼንሶ ማዛፌሮ በ1996 ባሳየው መለኪያ አንድ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ፣ ወይም እያንዳንዳቸው ከሦስት ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ ሦስት ዕጢዎች ያሉበት ሰው ጉበት ቢተካለት ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ለኢትዮጵያዊ ይህ ማለት ብዙውን ጊዜ ህንድ ወይም ቱርክ ማለት ነው፣ የዳባት ገበሬ በሬዎቹን ሁሉ ቢሸጥ የማይደርስበት ገንዘብ።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 2,566 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ከግብፅ ውጭ ባሉት ስምንት አገሮች የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 46 ነበር፤ ከእነሱ ለካንሰሩ የሚሆን ሕክምና ያገኙት ከመቶ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከታወቀባቸው በኋላ የኖሩት መካከለኛ ጊዜ ሁለት ወር ተኩል ነው። በግብፅ ከመቶ 76ቱ ሕክምና አግኝተዋል፤ ከታወቀባቸው በኋላ የኖሩት መካከለኛ ጊዜም ወደ 11 ወር ተጠግቷል። ግብፅ ይህን ያገኘችው ቀዶ ሐኪም ስላላት ብቻ አይደለም። የጉበት በሽተኞቿን እየተከታተለች፣ አልትራሳውንድ እያየች፣ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ስለምታገኘው ነው። ይህን ልዩነት ባነበብሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ በአንድ አህጉር፣ በአንድ የዓባይ ወንዝ ዳር ያለ ልዩነት ነውና።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጉዳይም እንደዚያው ከባድ ነው። ሕመምተኛው በየጥቂት ወሩ ለምርመራ መመለስ፣ ቫይረሱን የሚያፍነውን መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ይህ መንገድ ክፍት ሲሆንም ቀላል አይደለም። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ደባርቅ አካባቢ ደርሶ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን በዝቷል። ቀጠሮ ያለው የጉበት ሕመምተኛ መንገዱ እስኪከፈት ሲጠብቅ በሽታው አይጠብቀውም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥሩ ነገር ተሠርቷል። ታይዋን በ1984 ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ለሚወለዱ ሕፃናት፣ ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ለሕፃናት ሁሉ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት መስጠት ጀመረች፤ በ1997 የታተመው ውጤት የልጆች የጉበት ካንሰር በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ክትባት ካንሰርን ሊከላከል እንደሚችል ዓለም በግልጽ ያየው በዚያ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ይህን ክትባት ከሌሎች አራት ጋር በአንድ መርፌ አድርጋ በየጤና ጣቢያው መስጠት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ደባርቅ ተወልዶ በስድስተኛ ሳምንቱ መርፌውን የጀመረና ሦስቱን ያሟላ ልጅ፣ ቀድሞ ከእናቱ ካልተያዘ በቀር፣ ዛሬ ጋሻ አለው። በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የሄፓታይተስ ቢን ሕሙማን በመድኃኒት የሚያክምና የሚከታተል ፕሮግራም ተከፈተ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው፣ ለኤች አይ ቪ ሕክምና ወደ አገሩ ሁሉ የሚደርሰው ያው ክኒን።

ከ2007 በፊት የተወለዱት ግን አሉ። ዛሬ እያረሱ፣ እየነገዱ፣ ለስሜን ተራሮች ፓርክ ጎብኚ በቅሎ እየጎተቱ ያሉት ጎልማሶች እነሱ ናቸው፤ የሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት የጉበት ዕጢ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ለእነሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ርካሽ ምርመራ ነው። ቫይረሱ ተገኝቶ ጉበቱ መጎዳት የጀመረበት ሰው ክኒኑን መጀመር፣ በየስድስት ወሩም አልትራሳውንድ መታየት አለበት። ለዚያ ደባርቅ ሆስፒታል ውስጥ ጉበት ላይ ዓይኑ የሠለጠነ አንድ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ደም፣ ሲቲ ስካን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የጉበት ቀዶ ሕክምናን ሥራዬ ብሎ የያዘ ቡድን። ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳለ የተገኘ ዕጢ ለዚያ ቡድን ሥራ ነው፤ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ከማስታገስ ያለፈ ነገር የለውም። ቤት ለቤት የመዞሩን ሥራ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም፤ የዳባት መዝጋቢዎች በሩን ያውቁታል፣ ቤተሰቡም ያውቃቸዋል። ስለ ሞቱት ለመጠየቅ በሚገቡበት ቤት ያሉትን ጎልማሶች ከጣታቸው ደም ወስደው መመርመር ይችላሉ።